ሁለት ጊጋ ራም

ላፕቶፑ ምንም አልነበረበትም። ሀሩን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ አል ዐይን ከተማ ቃጣራ ሰፈር ባለችው ጠባብ የጥገና ሱቁ ፈትቶ አቧራውን ያራገፈው እሱ ነው። የ2008 ሥሪት፣ ሁለት ጊጋ ራም፣ መቶ ስልሳ ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ከላይ ትንሽ ካሜራ። እንደ ጡብ ይከብዳል እንጂ ጤነኛ ነው።

የላፕቶፑ ባለቤት እህቱ ኡሙኩልሱም ናት። አቡዳቢ ኻሊዲያ የምትሠራበት ቤት ልጆች በኮሮና ምክንያት ከቤት መማር ሲጀምሩ አዲስ ተገዛላቸው፤ ማዳም አሮጌውን ለእሷ ሰጠቻት። እሷም በቤቱ ሾፌር እጅ ለሀሩን ላከችው። ስልኳ ባለቁልፍ ነው፤ ምስል አያሳይም። ደሴ ታማ የተኛችውን እናታቸውን በዓይኗ ካየች ስድስት ዓመት አልፏታል።

"አንዴ ፊቷን ልየው፣ ሌላ ምንም አልልህ" ነበር ያለችው።

ሀሩን ጠግኖ እንደጨረሰ ለሙከራ ደሴ ደወለ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ያነሳችው የአክስታቸው ልጅ አዚዛ ነበረች፤ ታለቅሳለች፤ ከኋላዋ ድንኳን ተተክሏል።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተይዞ፣ የምትደግፍ ሴት ተጨምራ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሀሩን ነገ እሄዳለሁ ሲል ከአል ዐይን አቡዳቢ የሚወስደው መንገድ ለሰው ተዘጋ። መዘጊያ ቀን አጥቶ!

"አልተሠራም እንዴ?" ትላለች በየቀኑ እየደወለች።

"ራሙ አነሰ፣ እታለም። አራት ጊጋ ይፈልጋል።"

ይህን ያለው ተስፋ እንድትቆርጥ ነበር። እሷ ግን ሾፌሩን ለምና አስገዛች፤ አትክልት በሚያመላልስ መኪና ላከችለት። ሀሩን ሲሰካው ማሽኑ እንደውም ፈጠነ። በራሱ አፈረ።

"አሁንስ?"

"ካሜራው አያይም።"

"እሱንም አገኛለሁ። እማዬስ እንዴት ናት?"

"ተሽሏታል።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ሀሩን ሀጂ አሕመዲንንና ጎረቤቱን ፋጡሜን ይዞ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ፣ በማለዳ የኩሽናውን በር አንኳኳ። ኡሙኩልሱም ከፈተች። ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

"መቼ?" አለች።

"ሦስት ሳምንት ሆናት፣ እታለም።"

ማዳም ተኝታለች፤ መጮህ የለም። ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተንበረከከች። ፋጡሜ ደግፋ ያዘቻት።

"በየሶላቴ አፊያዋን መልስላት እያልኩ አላህን ስለምን ከረምኩ" አለች ትንፋሿ ሲመለስ። "ለሞተች ሰው! አንድ ቀን እንኳ አላህ ይዘንላት ሳልላት!"

ሀሩን መሬት መሬት ያያል። እሷ ብብቱ ላይ አፈጠጠች።

"ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

መዋሸት ታክቶታል። "ከመጀመሪያው ቀን።"

ከሽርጧ ኪስ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ ካሜራ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችው።

"እንካ። ለሌላ ውሸትህ ይሆንሃል።"