የሃያ ስምንት ዓመት የፍቺ ልምድ

እህቴ ኔልዳ ባሏን ለመፍታት ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቀች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። በቺሌ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ፍቺ የሚባል ነገር ሕግ አያውቀውም ነበር። ባሏ ኦርላንዶ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ራንካጉዋ ከተማ ካለች ሌላ ሴት ዘንድ ሲገባ፣ ኔልዳ ታልካ ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ጋር ቀረች። ልጅ አልወለዱም። መዝገቡ ላይ ግን የእሱ ሚስት እንደሆነች ኖረች።

መውጫ አልነበረም ማለቴ አይደለም። መውጫውን አገር ሁሉ ያውቀው ነበር። ባልና ሚስት ከተስማሙ ጠበቃ ይይዛሉ፤ ጠበቃው ሁለት ምስክሮች ያቀርባል፤ ምስክሮቹም "ሲጋቡ ሁለቱም የዚህ ወረዳ ነዋሪዎች አልነበሩም፣ ያጋባቸውም ሹም ሥልጣን አልነበረውም" ብለው ይምላሉ። ከዚያ ዳኛው ጋብቻው ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ይፈርዳል። ውሸት መሆኑን ምስክሮቹም፣ ጠበቃውም፣ ዳኛውም ያውቃሉ። እናታችን ነፍሷን ይማርና ኔልዳን በዚህ መንገድ እንድትገላገል ስንት ጊዜ ለምናታለች።

"እንዳልነበረ ይባልልኝ?" ትላለች ኔልዳ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሸሚዙን ያጠብኩት ማን ሆኜ ነው ታዲያ? የቤት ሠራተኛው?"

እንዲህ እንዳለች ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላት፤ ሕጉም ወጣ።

ኔልዳ ጠበቃ የምትመርጠው ጨርቅ እንደምትመርጠው ነው፤ ገልብጣ ካላየች አትገዛም። መጀመሪያ የሄድነው ከጫማ መደብር በላይ ቢሮ ወደ ተከራየች ሂሜና ወደምትባል ወጣት ጠበቃ ነበር። ግድግዳዋ ላይ አንድ ዲፕሎማ ብቻ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ይመስላል።

"ስንት ሰው አፋተሻል?" አለቻት ኔልዳ ሳትቀመጥ።

"እስካሁን ማንንም። ግን ሕጉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደተለያያችሁ ምስክር ይጠይቃል። ኦርላንዶ ከቤት ሲወጣ ያየ ጎረቤት አለ?"

"ማንበብማ እኔም አነባለሁ፣ የኔ ልጅ" ብላ ኔልዳ ቦርሳዋን አነሳች።

ዋናው መንገድ ላይ ከበሩ የሚበልጥ ሰሌዳ ነበር፦ "ጠበቃ አኒባል ዛኛርቱ። የሃያ ስምንት ዓመት የፍቺ ልምድ።"

"ኔልዳ፣ ሕጉ እኮ ከወጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም" አልኳት። "ሃያ ስምንቱን ከየት አመጣው?"

"አንቺ ደግሞ! ሰውየው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይሆናላ!"

ተራችንን ስንጠብቅ ግድግዳውን ሳነብ ቆየሁ። በመስታወት የገባ የምስክር ወረቀት ከጣሪያ እስከ ወንበሩ መደገፊያ ተደርድሯል። አንዱ ማድሪድ ለሦስት ቀን ስብሰባ የተሰጠ ነው። አንዱ የአንድ ማኅበር ምስጋና ነው። ከበሩ አጠገብ ያለው፣ ማኅተሙ ከሁሉም የሚያምረው፣ በዓሣ ማጥመድ ውድድር ሁለተኛ የወጣበት ነበር። ለኔልዳ ላሳያት ስል በሩ ተከፈተ።

ጠበቃው ዶን አኒባል ነጭ ጢም ያለው፣ ድምፁ ከሆዱ የሚወጣ ሰው ነው። "እመቤቴ፣ የታልካን ግማሽ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ" አለ። ይህ እውነት ነበር። ኔልዳ ጎረቤታችን ዙኒልዳ ሁሉን እንዳየች ስትነግረው እጁን አወናጨፈ።

"ጎረቤት አይሆንም። ጎረቤት ችሎት ፊት ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ ያልተጠየቀውን ይዘበዝባል። እኔ የሠለጠኑ ምስክሮች አሉኝ።"

ኔልዳ በኩራት አየችኝ።

በቀጠሮው ቀን ኦርላንዶ ከራንካጉዋ መጣ፤ ወፍሯል፣ ፀጉሩም ሸሽቷል። የሠለጠነው ምስክር ደግሞ ዶን ኤሌውቴሪዮ ይባላል፤ ቡናማ ሙሉ ልብስ የለበሰ ደርባባ ሽማግሌ ነው። ኮሪደሩ ላይ እኔ ፈቺዋ መስዬው እጄን ስሞ "አይዞዎት፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም" አለኝ።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። አስምላው ስታበቃ ጠየቀችው።

"እነዚህን ባልና ሚስት ያውቋቸዋል?"

"ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ ክብርት ዳኛ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ተለያይተው የሚኖሩት?"

ዶን ኤሌውቴሪዮ ዓይኑን ጨፈነ፣ አገጩን ቀና አደረገ። "ሲጋቡ ሁለቱም የዚህ ወረዳ ነዋሪዎች አልነበሩም።"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

"እሷ ኩሪኮ፣ እሱ ሊናሬስ ነበር የሚኖሩት።"

ዶን አኒባል አሳለው። "ምስክሩ የተለያዩበትን ዘመን እንዲናገሩ ነው የተፈለገው" አለ።

ሽማግሌው ዓይኑን ገልጦ ጠበቃውን ባዘኔታ አየው። "እንዴት ይለያያሉ፣ ጌታዬ? መቼ ተጋብተው?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ኦርላንዶ ነው። ኔልዳ ግን ብድግ ብላ "እኔ የተወለድኩት ከዚህ አራት መንገድ ተሻግሮ ነው!" ብላ ጮኸች። "አግብቻለሁ! አሥራ አንድ ዓመት አግብቻለሁ!" ዳኛዋ እንድትቀመጥ አዘዘቻትና ሽማግሌው መሐላውን ያስታውስ እንደሆነ ጠየቀችው። በቃሉ ወጣው፤ አንድ ቃል እንኳ አላጎደለም። ቀጠሮው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ የእሱም ቃል ለብቻው እንዲመረመር ታዘዘ።

ኮሪደሩ ላይ ዶን አኒባል ላቡን እየጠረገ "እመቤቴ፣ ሃያ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም እኮ" አለ። "ሰውየው ያው ነው። የተበላሸው ሕጉ ነው።"

ኔልዳ ቤት ደርሳ በሩን ስትከፍት "ያችን ልጅ ነይ እንያት" አለች። በነጋታው የጫማ መደብሩን ደረጃ ወጣን። ሂሜና ወንበር ሳበችላትና ብዕሯን አነሳች።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዙኒልዳ ልክ ዶን አኒባል እንደፈራው ሆነች። ደነገጠች፣ አለቀሰች፣ ያልተጠየቀችውንም ዘበዘበች። "ማክሰኞ ነበር፣ ክብርት ዳኛ። በረንዳ ላይ በቆሎ እየፈለፈልኩ ነበር። ሻንጣውን መኪና ላይ ጫነ፣ ተመልሶ ገባ፣ ራዲዮውን ይዞ ወጣ። ራዲዮው የእኔ ነበር! በውሰት ነው የሰጠኋት! ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን መኪና ሰፈራችን አይቼው አላውቅም፤ እሷም ሦስት ቀን መጋረጃዋን አልከፈተችም።"

"ራዲዮው በዚህ ጉዳይ አይታይም" አለች ዳኛዋ፤ ግን ሁሉንም ትጽፍ ነበር።

ፍርዱ ተሰጠ። ኔልዳ ወረቀቱን ተቀብላ መነጽሯን አድርጋ እዚያው ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አድርጋ አሳየችኝ። "'በመካከላቸው የነበረው ጋብቻ' ይላል። 'የነበረው'። አየሽ ኢርማ?" ሚስት እንደነበረች በፍርድ ወረቀት ያየችው ጋብቻው የፈረሰ ዕለት ነው።

ደረጃው ላይ ኦርላንዶ ባርኔጣውን እያሻሸ ይጠብቀን ነበር። እንደ ሌላው ሰው ደስ ያለው አይመስልም።

"ይግባኝ ማለት ይቻላል?" ብሎ ሂሜናን ጠየቃት።

"እርስዎ? በምን ምክንያት?"

ወደ ኔልዳ ዞረ። "ራንካጉዋ የምትጠብቀኝን ክሎቲልዴን ምን ልበላት? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ 'አግባኝ' ስትለኝ፣ 'ኔልዳ እግሬ ላይ ወድቃ እያለቀሰች አልለቅህም አለችኝ' እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን እኮ ቀሚስ ልታሰፋ ነው!"

ኔልዳ የምትሰድበው መስሎኝ ክንዷን ያዝኳት።

"እግርህ ላይ?" አለች።

"ምን ላድርግ፣ አንቺዬ..."

"ማልቀሱን ትታለች በላት።" ሁለት ደረጃ ወርዳ ደግሞ ተመለሰች። "ቀሚሱን ደግሞ ማን እንደሚሰፋላት ጠይቃት። እኔ ቅዳሜ ሥራ የለኝም።"

ኦርላንዶ በመስከረም ተሞሸረ። ቀሚሱን ኔልዳ ሰፋችው፤ ክሎቲልዴ ለልክ ስትመጣ ሁለቱ በር ዘግተው ያወሩትን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። በር ላይ ሆኜ የሰማሁት ሳቃቸውን ብቻ ነው።