በሠላሳ አምስተኛው ቀን

ሸዋንዳኝ ጥያቄ የሚባል ነገር አይወድም። ዱባይ ባለ አንድ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ገጽ ይነድፋል፤ የመጨረሻ ሥራውም ሰው ስልኩንና ኮምፒውተሩን የሚያመሳስልበት የማስተካከያ ገጽ ነበር። ገጹ ድሮ አሥራ አንድ ጥያቄ ነበረበት። እሱ አንድ በአንድ ነቅሎ ነቅሎ አንዲት አረንጓዴ ማብሪያ ብቻ አስቀረ። አብራ፣ በቃ! አለቆቹ አጨበጨቡለት፤ ሳምንቱን ሙሉ እግሩ መሬት አልረግጥ አለ።

ከነቀላቸው ጥያቄዎች አንዱ «ከስልክህ ስትሰርዝ ከኮምፒውተሩም ይሰረዝ?» የሚል ነበር። መልሱን ራሱ «አዎ» ብሎ ደበቀው። ፕሮግራሙን የሚፈትሸው የደሴው ልጅ አብዱልሀኪም ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ።

«ሸዋ፣ ሰው እኮ ዕቃውን አደራ ያስቀመጠ ነው የሚመስለው። ሰርዞ ቢጸጸትስ?»

«ሠላሳ ቀን መጣያው ውስጥ ይቆይለታል» አለ ሸዋንዳኝ። «የትኛው ሥራ ፈት ነው ወር ሙሉ ኮምፒውተሩን ሳያይ የሚቀመጠው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ምነው ያኔ አፉን በቆረጠው!

የአክስቱ ልጅ የሺአረግ እዚያው ዱባይ፣ አል ባርሻ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን ምሕረትን የሰባት ወር ሕፃን ሳለች ለአያቷ ጥላት ነው የመጣችው። ልጅቷ ስትድህ፣ ስትቆም፣ አፍ ስትፈታ ያየቻት በስልክ ነው። ባለፈው ክረምት፣ በአራት ዓመቷ፣ ታመመችና በሦስተኛው ቀን ሞተች። ለየሺ የቀራት አርባ አንድ ቪዲዮ ነበር። የተቀረጸበት የምሕረት አያት ስልክ በቀብሩ ሰሞን ጠፍቷል፤ ከነዚህ ከአርባ አንዱ በቀር የምሕረት ድምፅ በዓለም ላይ የትም የለም።

ባለፈው የዕረፍት ቀኗ አጅማን ከተማ፣ ቤቱ ድረስ መጥታ «ወንድምዬ፣ አንድ ቦታ አስቀምጥልኝ» አለችው። እሱም ስልኳን ከአሮጌ ላፕቶፑ ጋር አገናኘና ያቺን ማብሪያ ጫን አደረጋት። አርባ አንዱም ገቡ።

«ይኸው፣ አሁን ሁለት ቦታ አለልሽ» አላት ኮራ ብሎ።

ለምን እንደፈለገችው አልጠየቃትም። ጥያቄ አይወድማ! ቢጠይቃት ኖሮ ትነግረው ነበር። አንድ ቀን የልጇን ቪዲዮ እያየች ስታለቅስ ምድጃ ላይ የተጣደው ወተት ገነፈለ፤ አሠሪዋ ማዳምም ደረሰችባት። ከዚያ ወዲህ ከዕረፍት በተመለሰች ቁጥር ማዳም በር ላይ ስልኳን ተቀብላ ትበረብራለች፤ የልጅቷን ቪዲዮም ሆነ ፎቶ ካገኘች ስልኩን ትወርሳለች። ስለዚህ የሺ ስትመለስ ሜትሮ ውስጥ ቁጭ ብላ አርባ አንዱንም አጠፋቻቸው። ልቧ ግን አርፎ ነበር። ሸዋ ጋ አሉ።

በወር አንዴ የሚሰጣት እሑድ ደግሞ በዚያ ወር ዘገየ፤ ማዳም ቤተሰቡንም እሷንም ይዛ ለሽርሽር ሐታ ተራራ ወጣች። ያቺ «ሥራ ፈት» እንደገና አጅማን የደረሰችው በሠላሳ አምስተኛው ቀን ነው።

ረፋድ ላይ ሙዟን በፌስታል አንጠልጥላ ገባች፤ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

«ያቺን ክፈትልኝ፤ "እማዬ ከዚህ ውስጥ ውጪ!" እያለች ስልኩን የምትመታበትን።»

ከፈተው። ባዶ ነው። ከሥሩ በአረንጓዴ «ሁሉም ተመሳስሏል» ይላል።

«የሺ፣ ከስልክሽ ነካክተሻል እንዴ?»

«አጥፍቻቸዋለሁ። ማዳም ትፈትሸኛለች፤ አንተ ጋ አሉ ብዬ...»

ሸዋንዳኝ መጣያውን ከፈተ፤ እሱም ባዶ። አብዱልሀኪም ጋ ደወለ።

«ከተሰረዘ ስንት ቀኑ ነው?» አለ አብዱልሀኪም።

«ሠላሳ አምስት።»

«ኸላስ፣ አለቀ ሸዋ። በኛም በኩል ተጠርጓል። ወንድሜ፣ ምን ልበልህ?»

ነግሬህ ነበር አላለውም። ቢለው ይሻል ነበር። ሸዋንዳኝ ስልኳን ቢገለብጥ፣ ላፕቶፑን ቢፈለፍል፣ እስከ ቀትር ድረስ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የሺ ምኑን ትልቀም?

አልጮኸችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶውን ገጽ እያየች «ይቅር በለኝ ሸዋዬ» አለች። «ስንት የደከምክበትን አበላሸሁብህ።»

«እኔ ነኝ የሺ! ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዳይጠይቅሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ደግ አስበህ ነው።»

ምን እያላት እንደሆነ አልገባትም። ብትሰድበው፣ ብትረግመው፣ ጥፊ ብታቀምሰው በወደደ ነበር። እሷ ግን ሙዝ ልጣ ሰጠችው፤ እንዲበላም ለመነችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣች። ማዳም ከአሥራ ሁለት እንዳታልፊ ብላታለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ስልኳን ዘረጋችለት። እናቷ ትናንት የላከችው ፎቶ በዚያው በሱ ፕሮግራም ውስጥ ገብቷል፤ አዲስ በኖራ የተቀባ ትንሽ መቃብር ነው።

«ማዳም ሳታየው ይኼን አጥፋልኝ። እኔ እጄ ፈራ።»

«ይቺን እንኳ ለብቻዋ ልገልብጥልሽ፤ ከምንም ጋር አላገናኛትም።»

«ተወው። መቃብሯንማ ሳላየውም አየዋለሁ። እኔ የፈለግኩት ድምፅዋን ነበር።»

ሸዋንዳኝ ጣቱን አሳረፈ። ፎቶው ወዲያው ጠፋ፤ ምንም አልጠየቀውም።