ምስክሯ ሳህን

አፖንዲ ሁለቱን ሳህኖች ከማሞቂያው ስታወጣ መጀመሪያ ማየት የነበረባት ምስክሯን ነበር። ምስክር የሚሏት ሜትሮኒዳዞል የተባለው መድኃኒት ሁልጊዜ የሚገድለው ጀርም የተዘራባት ሳህን ናት፤ እሷ ላይ ያለው ካልሞተ የሌላው ሳህን ወሬ አይታመንም። ኪሱሙ በምትባለው የሐይቅ ዳር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ይህን ለተለማማጆች የምታስተምረው ራሷ አፖንዲ ናት። ዛሬ ግን ሌላው ሳህን ከታናሽ እህቷ ከአኬዮ የተወሰደ ጀርም የተዘራበት ስለሆነ ዓይኗ ቀድሞ እዚያ ሄደ።

አኬዮ የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና ከተገላገለች በኋላ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ትኩሳቷ አልወርድ ብሏል። ዶክተር ሙሶጋ ቁርጡን ተናግሯል፤ መድኃኒቱ ጀርሙን የሚገድል ከሆነ መግሉን አውጥቶ ይጠብቃል፣ ካልገደለ ማህፀኗን ያወጣል።

መድኃኒት ውስጥ የተነከረችው ትንሽ ክብ ወረቀት የአኬዮ ሳህን መሃል ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ባዶ መሆን ነበረበት። ጀርሙ ግን እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ ተንሰራፍቷል። አፖንዲ ስልኩን አነሳችና "አልገደለውም ዶክተር" ብላ ዘጋች።

ከዚያ ምስክሯን አየች። እሷም ላይ ጀርሙ እስከ ጠርዝ በቅሏል።

"ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?"

እነዚህ ጀርሞች አየር ጠል ናቸው፤ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ታፍነው ነው የሚያድጉት። ትንሽ አየር ቢገባ ጀርሞቹ ይቋቋሙታል፣ መድኃኒቱ ግን አይሠራም። ስለዚህ ምስክሯ ላይ ያለው ጀርም ካልሞተ ትንሽ አየር ገብቷል ማለት ነው። ዕቃው ውስጥ የነበረችው የቀለም ወረቀት ግን ነጭ ናት፤ አየር ቢኖር ሰማያዊ ትሆን ነበር። አንዷ አየር አለ፣ ሌላዋ የለም ትላለች። የትኛዋን ትመን?

የላቦራቶሪው አለቃ ሚስተር ኦዴሮ መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፤ መልሰው አድርገው አዩ።

"ወረቀቷ ነጭ ናት። ምስክርሽ ተበላሽታ ይሆናል። ተይው፣ ውጤቱ ይሂድ።"

"ምስክሯ ከተበላሸችማ በምን አምኜ ልላከው?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔንም ግራ አታጋቢኝ!" አሉና ራሳቸውን እያከኩ ቁጭ አሉ።

አፖንዲ የቀለም ወረቀቷን በጣቶቿ ይዛ አገላበጠች። ከሐይቁ የሚመጣው ወበቅ ያፍናል፤ ማራገቢያው ጣሪያው ላይ ይሽከረከራል። ነፋሱ ወረቀቷን ሲያርገበግባት ድንገት ነቃች። ይህን ሁሉ ጊዜ አየር ላይ ይዛታለች፤ ወረቀቷ ግን አሁንም ነጭ ናት!

"ሚስተር ኦዴሮ፣ ይቺ ድሮ የሞተች ናት! ምንም ቢመጣ ነጭ ነኝ ነው የምትለው!"

ለዶክተሩ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ሮጠች።

አኬዮ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ አልጋ ላይ ተጋድማለች። ዶክተር ሙሶጋ ቆቡን አጥልቋል።

"ዶክተር፣ ማህፀኗን እንዳይነኩ!"

"መድኃኒቱ ገደለው እንዴ?"

"አላውቅም።"

"ቅድም አልገደለውም አላልሽኝም?"

"ቅድምም አላውቅም ነበር። የማውቅ መስሎኝ ነው።"

አኬዮ አንገቷን ቀና አደረገች። "እቴ፣ ይህን ያህል የሮጥሽው አላውቅም ለማለት ነው?"

"አዎ። በመድኃኒቷ ዙሪያ ባዶ ክብ ነው የምፈልገው፤ ዕቃው አየር ስላስገባ ግን መኖር አለመኖሩን እንደ አዲስ ሳልሠራው አላውቅም።"

ዶክተሩ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። "መግሉን አሁን አወጣለሁ። ለሌላው እስከ ነገ ብቻ ነው የምጠብቀው" አለ።

በማግስቱ አፖንዲ አየር ያስገባውን የክዳኑን ጎማ የቀየረችለትን ዕቃ ከፈተች። አዲሷ የቀለም ወረቀት ነጭ ነበረች፤ አየር ሲነካት ሰማያዊ ሆነች። የእህቷን ሳህን ሳታይ ወደ ጎን አድርጋ መጀመሪያ ምስክሯን ገለጠች፤ የመድኃኒቷ ወረቀት ዙሪያ ሰፊ ባዶ ክብ አለ። ያን ጊዜ የባሰ ፈራች። አሁን የምታሳብብበት ነገር የለም፤ የአኬዮ ሳህን የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው። ዓይኗን ጨፍና ገለጠችው።

ወደ አራሶቹ ዋርድ ግድግዳ እየተደገፈች ቀስ ብላ ገባች። አኬዮ ከሩቅ አየቻት።

"ዛሬ አልሮጠችም" አለችና ሕፃኗን ታቅፋ አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳበች።

አፖንዲ አንሶላውን ገልጣ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አጋጥማ ክብ ሠራችላት።

"ባዶ?" አለች አኬዮ።

"ባዶ!"

ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። ጎን ያለችው አራስ ከማዶዋ ወዳለችው ዞራ፣ "ባዶ ተባብለው ምን ያስቃቸዋል?" አለች።