የመታጠቢያ ቤቱ ውኃ

«ኮ፣ ኮ፣ ኮ» ይላል። ጥቂት ፋታ ይሰጥና ደግሞ፣ «ኮ፣ ኮ… ቦ!»

ማሃድ ደረጃው ላይ ቆሞ ጆሮውን ጣለ። «ኮ» ያለው የወለል ሴራሚክ ጤነኛ፣ «ቦ» ያለው በሽተኛ እንደሆነ ተነግሮታል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ «ቦ» ልቡ ላይ ነበር የምታርፈው። ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ የተገርበበውን በር ገፋ ሲያደርግ፣ የባቢሌው ሴራሚክ ሠሪ ደሬሳ ባዶው ሳሎን መሐል ተንበርክኳል። በመዶሻው እጀታ ወለሉን ይቆረቁራል፤ ባዶ ድምፅ የሰጠችው ሴራሚክ ላይ በጠመኔ ኤክስ ይጽፋል።

«በዙ እንዴ?» አለ ማሃድ።

«አቦ መጀመሪያ ሰላም በል! ቤት ገዛን ብላችሁ ሰላምታ ተዋችሁ?»

«ሰላም ነው ደሬሳ። በዙ?»

«ከሥሯ ሲሚንቶ ሳትጠግብ የተለጠፈች በየቤቱ አለች። ነቅሎ መልሶ መለጠፍ ነው። ይቺ እንከን ቤት አታስመልስም።»

«ቤት አታስመልስም» የሚለውን ማሃድ እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ አገላበጠው።

ቤቱን የገዛችው ታላቅ እህቱ ሳጋል ናት። ቶጎጫሌ ላይ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። ሥራዋን ጥላ መምጣት ስላልቻለች ቤቱን በዓይኗ ሳታየው፣ ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ስልኩ መሐላቸው ድምፁ ከፍ ተደርጎ ተቀምጦ ነው «ተስማምቻለሁ» ያለችው። ሽማግሌዎቹም አንድ ነገር አጽንተው ተነሡ፦ የእድሳት ብሩሽ ግድግዳውን ሳይነካ ከባድ እንከን ከተገኘ ሻጩ ቤቱን መልሶ ይወስዳል፣ ገዢዋም ገንዘቧን ታገኛለች። ብሩሽ ከነካ በኋላ ግን ወቀሳ የለም። ሳጋል ደግሞ ለወንድሟ ቁርጡን ነግራዋለች። ቤቱ ከተመለሰ ገንዘቡ ሸቀጥ ይገዛበታል እንጂ ሌላ ቤት አይፈለግም።

ማሃድ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ወዲህ የሚያድረው አጎቱ ቤት፣ ከአጎቱ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ነው። ሰው ሲበዛበት ዝም የሚል፣ ዝም ሲል ደግሞ «አሁንስ የት ሄድክ?» የሚባል ልጅ ነው። በዚህ ቤት ከኩሽናው አጠገብ ያለችው ትንሽ ክፍል የእሱ እንድትሆን ሳጋል ቃል ገብታለታለች። መስኮቷ የካራማራን ተራራ ታያለች። አልጋውን በየት በኩል እንደሚያዞር፣ ሲያነብ አምሽቶ ማንም «አጥፋው!» ሳይለው እንዴት እንደሚተኛ፣ ሁሉንም በሐሳቡ ጨርሶ ከገባባት ሰንብቷል።

ሥጋቱ ሻጩ ነበሩ። ማሃድ ሻጭ እንከን ይደብቃል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። አዴር ሻርማርኬ ግን፣ አዴር የሚላቸው አጎቴ እንደማለት ነው፣ በየቀኑ ይመጣሉ፤ አቧራ በሞላው ባዶ ቤት ውስጥ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ ከዚያ በምርኩዛቸው እያመለከቱ እንከን ይለቅማሉ። ዛሬም መጡ።

«ይቺን ስንጥቅ አይታችኋታል?»

ደሬሳ ጠጋ ብሎ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። «የልስን ናት አዴር። ግድግዳው ደህና ነው።»

«ያ በር ዝናብ ሲመጣ ያብጣል። አይዘጋም።»

«እንልገዋለን።»

«የኩሽናው ሶኬት ይተኩሳል።»

«አቦ አዴር! ቤቱን ሸጠውታል ወይስ እያሙት ነው?»

ሽማግሌው አልሳቁም። «የሸጠ ሰው ያለውን መናገር አለበት» አሉና ወደ ሌላው ክፍል አለፉ። ልጃቸው ወደ ጉናጋዶ ከተማ ወስዳቸው አብራቸው ልትኖር ስለፈለገች ነው የሸጡት፤ እንደዚያ ነበር የተባለው። ማሃድ ከኋላቸው እያያቸው፣ ምናለ ትንሽ እንኳ ቢዋሹ ሲል ተመኘ።

ከሰዓት በኋላ ሳጋል ደወለች።

«ውኃ አቆማችሁበት?»

«ሳጋል፣ ውኃ ከየት ይመጣል?»

«ከየትም! እዚህ የጓደኛዬ ጣሪያ ከላይ ባለው መታጠቢያ ቤት የተነሣ ወንፊት ሆኗል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውኃ ይዞ ይደር። ከያዘ ቀለም ግዛ፣ ካልያዘ መልስ። በቃ፣ ዋላል።» ስታባብለውም ስትቆጣውም በሶማሊኛ «ወንድሜ» የምትለው በዚያው ቃል ነው።

የከተማው ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል። ሰገነቱ ላይ ያለው ሮቶ ቢያንኳኩት ያስተጋባል። ማሃድ ከቦቴ እየገዛ ጀሪካኖቹን እስከ ሦስተኛ ፎቅ አመላለሰ፤ ትከሻው ተላጠ፣ ደረጃው ላይ የሚያልፉ ጎረቤቶችም «ወለል ላይ ሊያፈሰው ነው አሉ» እየተባባሉ እንደ እብድ አዩት። ደሬሳ መውረጃውን በፌስታልና በጨርቅ ወተፈ። ውኃው እስከ በሩ ደፍ ሲሞላ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ።

«ነገ እዚችው መስመር ላይ ካገኘነው ቤቱ የእናንተ ነው። ከወረደ ግን ከሥር ያለው የኮንክሪት ሶሌታ ጠጣው ማለት ነው።»

በቀጥታ ከሥሩ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ እታገኘሁ የምትባል ከጎንደር ተመድባ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ጠዋት የራሷን ጣሪያ እንድታይላቸው፣ ወጣ ብላም መስመሯን እንድትመለከት አንዱን ቁልፍ ሰጧት። «ምን ችግር አለው፣ አያለሁ» አለች።

በማግሥቱ ማሃድና ደሬሳ ረፋዱ ላይ ሲመጡ እታገኘሁ ሥራ ገብታለች፤ እጃቸው ላይ በቀረችው ቁልፍ በሩን የከፈቱላቸው አዴር ሻርማርኬ ናቸው። ውኃው ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል።

ደሬሳ ከንፈሩን መጠጠ። «ጠጥቶታል። ይሄ በልጥፍ አይድንም፤ ወለሉ ተቆፍሮ እንደ አዲስ መሠራት አለበት።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ማሃድ።

«ውኃ እግር የለው! የት ይሄዳል?»

የሽማግሌው ፊት ፈካ አለ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳፈሩ ሁሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ይመለስልኛ» አሉ ለስለስ ብለው። «ሽማግሌዎቹ ፊት ብያለሁ። ገንዘባችሁ እንደተቀመጠ ነው፣ አልነካሁትም።»

ማሃድ ትንሿ ክፍል ገብቶ ቆመ። ካራማራ መስኮቱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ መብራቱን አንድ በአንድ በሐሳቡ ተሸክሞ አወጣቸው። ከዚያ ለእህቱ ደወለ።

«መልስላቸው በቃ» አለች ሳጋል። «አዝናለሁ ዋላል።»

«የታችኛዋን ጣሪያ ሳናይ?»

«ውኃው ወርዷል አላልክም?»

«ወርዷል።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«የታችኛዋ ጣሪያ» አለ ማሃድ። «እሺ፣ እሱንም እይና ቁርጡን ንገረኝ» አለች በመጨረሻ።

እታገኘሁ ለምሳ ስትመጣ በሯ ላይ ጠበቋት። አስገባቻቸው። ደሬሳ ወንበር ላይ ወጥቶ የመታጠቢያ ቤቷን ጣሪያ በመዳፉ ዳሰሰው፤ እጁን አየው፤ እንደገና ዳሰሰው። ኖራ ብቻ ነው የያዘው። ደረቅ ነው።

«የት ገባ ታዲያ? ተነነ?»

ማሃድ ግን ወደ ጣሪያው አልነበረም የሚያየው። በረንዳው ላይ በሁለት ሳፋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተዘፍዝፏል። አጠገቡ ያለው ባልዲም ጢም ብሏል።

«እትዬ እታገኘሁ፣ ቧንቧው መጣ እንዴ?»

የእታገኘሁ ፊት ቀላ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።

«አይ… ማለቴ… ጠዋት እንዳላችሁኝ ጣሪያዬን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ወጥቼ መስመሩን አየሁ፤ ውኃው መስመራችሁ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ንቅንቅ አላለም። በቃ አድሯል፣ ሥራውን ጨርሷል፣ ሲመጡ ወደ መውረጃ ሊለቁት ነው ብዬ… ንጹሕ ውኃ! መሬት ላይ ተኝቶ! አላስቻለኝም። በጆግ ጨለፍኩት። ሥራ ሲረፍድብኝ ሳልነግራችሁ ሮጥኩ።»

ደሬሳ ወንበሩ ላይ እንደቆመ አፈጠጠባት። «አንቺ ሴትዮ! ከጠዋት ጀምሮ የምንፈርድበት ሶሌታ አንቺ ነሽ?»

«ኧረ መልሼ ላፍስሰው ካላችሁ…»

«ዩኒፎርም የተዘፈዘፈበትን?»

ማሃድ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። አሁን ሲያስበው ማንም ቢሆን ይጨልፈው ነበር፤ እሱ ራሱ ቁልፉ ቢሰጠው ይጨልፈው ነበር።

«እኔ እንኳ ይመስላል ነው ያልኩት» አለ ደሬሳ እየወረደ።

«እግር የለው ብለሃል።»

«አቦ ተወኝ!»

ማሃድ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ ሳጋል እንደሰማች የምትጮኸው እስከ ሳሎኑ ድረስ ይሰማል። «ግዛ! ቀለሙን ዛሬውኑ ግዛ! ነጭ እንዳትገዛ፣ ይቆሽሻል!»

አዴር ሻርማርኬ ትንሿ ክፍል ውስጥ ናቸው። በሽርጣቸው ጫፍ የመስኮቱን መስታወት አቧራ ይጠርጉ ነበር፤ ግማሹ ጠርቷል።

«አዴር፣ ቤቱ ደህና ነው! ውኃውን እትዬ እታገኘሁ ናት የወሰደችው፣ ለልብስ…»

«ጣሪያዋስ?»

«ደረቅ ነው።»

«አንድ ጠብታም?»

«አንድ ጠብታም የለም።»

ሽማግሌው መስታወቱን አዩት፤ ሽርጣቸውን ለቀቁት። ማሃድ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ሲወርድ ታወቀው። ደሬሳ እያለከለከ ገባ።

«ጥሩ ጊዜ ደረስኩ! አዴር፣ ይቺ ክፍል ድሮ ምን ቀለም ነበረች? ከሥሩ ሌላ ቀለም ያለ ይመስላል፤ ይፋቅ ወይስ በላዩ ልቀባ?»

አዴር ሻርማርኬ በመካከላቸው አለፉ። መዳፋቸው ግድግዳውን እየነካ ሳሎኑን ዘለቁት፤ በሩ ጋ ግድግዳው ሲያልቅ እጃቸው ወረደ። ወጡ።

«አዴር!» አለ ማሃድ ወደ ደረጃው እየሮጠ። «ምሳ አብረን እንብላ እንጂ! አዴር፣ ምን ሆኑ?»

በረንዳ ላይ ወጥቶ ጎንበስ ሲል፣ ሽማግሌው ከሕንፃው ወጥተው፣ የቆመላቸውን ባጃጅ አልፈው፣ ቀና ብለው ሳያዩ በአስፋልቱ ዳር ዳር ሲሄዱ አያቸው።