አይወድቅም ያለው ሰው

ወታደሮቹ ነግረውት ሲወጡ ፀሐዩ በሩን ዘግቶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ለእድሩ ሰብሳቢ መደወል ነበር። ማልቀስ እንኳን አልጀመረም። የእኛ ሰው አሜሪካ የፈለገውን ያህል ዓመት ይኑር፣ ሞት ሲመጣበት ከእንባው በፊት ሽማግሌ ይፈልጋል።

«ጋሽ መንገሻ፣ ኪዳን ሞተብኝ» አለ። «ሄሊኮፕተሩ ወደቀ አሉኝ። ልምምድ ላይ ነበሩ፣ ሌላ ስቴት፣ ተራራ ላይ። አንድም የተረፈ የለም።»

ጋሽ መንገሻ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ስንቱን ቀብረዋል፣ ለስንቱ መርዶ ተናግረዋል። «ትብለጥ ሰምታለች?» አሉ።

አልሰማችም። ትብለጥ የኪዳን እናት ናት። ከፀሐዩ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል፤ እሱ ከወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ተከራይቶ ኡበር ይነዳል፣ እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና ናርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሌሎች ሁለት ወታደሮች ቤቷ ሄደው እንዳጧትና ተመልሰው እንደሚሞክሩ ለፀሐዩ ነግረውታል።

«በር ላይ ለብቻዋ አቁመው ሊነግሯት?» ጋሽ መንገሻ ተቆጡ። «ደም ግፊት ያለባትን ሴት! ይሄ መርዶ ነው እንጂ ፖስታ ነው? አይሆንም። ዛሬ ቤቷ እንዳትገባ። ከሥራ ስትወጣ አንተው አንሳትና አጸደ ጋ አሳድራት። ጠዋት ሰው ሰብስበን፣ በወጉ ትረዳለች።»

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ የዚያ ሁሉ አገር ጦር አንዲት እናት ፍለጋ ደጇን ሲያንኳኳ፣ አንድ እድር እናቲቱን የሸሸገው። ይሄን የሚያደርግ ሌላ ሕዝብ ቢፈለግም አይገኝም። ሞትን እንኳን በቀጠሮ ካላደረግነው አይሆንልንም። ክፋት ግን አልነበረበትም፤ ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም፣ አለቀ።

ሰበቡ ወዲያው ተገኘ። አጸደ የትብለጥ የማኅበር ጓደኛ ናት፤ ቤቷም ፀሐዩ ያለበት ሕንጻ ላይ ነው። አጸደ አሟታል፣ ብቻዋን ናት፣ እሷ ጋ እደሪ ይባላል።

ፀሐዩ መኪናውን እየነዳ ሲሄድ የሚያስፈራው አንድ ነገር ነበር። በወጣትነቱ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የሄሊኮፕተር ቴክኒሺያን ነበር። ኪዳን ጦሩን ተቀላቅሎ ሄሊኮፕተር ላይ ተመደብኩ ሲል ትብለጥ እንቅልፍ አጣች፤ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ደወለችለትና «አንተ ታውቀዋለህ። ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?» አለችው። ከተለያዩ ወዲህ ምክር ስትጠይቀው የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አለው፣ ደስታውም አፉን ፈታው። «አይወድቅም» አላት። «እኛ የምናበረው የሰው አገር ሥሪት ነበር። አንድ ብሎን ቢጠፋ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ጸጉራችን ይሸብት ነበር፤ ከአንዱ ፈትተን ለሌላው ስናስር ነው ዘመናችን ያለቀው። ይሄ ግን እዚሁ አገሩ የተሠራ ነው። ሠሪው እዚህ፣ ዕቃው እዚህ። እንከን ቢገኝበት ፋብሪካው ራሱ መጥቶ ያየዋል። አገሩ ላይ የተሠራ ማሽን አይወድቅም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ጠዋት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «አይወድቅም አላልክም ወይ?» ትለዋለች። ትበለኝ፣ ብሎ ነበር መንገድ ላይ። የእጄ ነው፣ ይገባኛል።

ትብለጥ ከናርሲንግ ሆሙ ወጥታ መኪናውን ስታየው ሳቀች። «ከፊት ልግባ ወይስ እንደ ኡበር ደንበኛህ ከኋላ?»

«ከፊት ግቢ።»

«ፊትህ ምን ሆኗል? የታመመችው አጸደ፣ የገረጣኸው አንተ። በል መጀመሪያ ቤት አድርሰኝ፣ አጥሚት ልሥራላት። ልብስም ልያዝ።»

«አጥሚት አለ። ልብስም ትሰጥሻለች» አለ። ለሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ብቻ ትነቃበት ነበር። ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ውላ ደክሟታል፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጣ ጫማዋን አወለቀች።

«የሕንጻችን ሊዚንግ ኦፊስ ያለችው ልጅ ቮይስሜይል ትታልኛለች» አለች። «ሁለት ሰዎች መጥተው ጠየቁሽ አለችኝ። የቤት ፍተሻ፣ ኢንስፔክሽን ነው መሰለኝ። ወጥ ቤቱን እንኳን አላጠብኩትም፣ ያሳፍሩኛል።»

ፀሐዩ ነዳጁን ረገጥ አደረገ።

ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ፣ ወንዙን ከሚሻገረው ድልድይ አጠገብ፣ መኪናው ሁሉ እንደልማዱ ቆመ። ያን ጊዜ አንድ ሄሊኮፕተር በወንዙ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ትብለጥ አማተበች። ባየች ቁጥር ታማትባለች፤ የኪዳን ባይሆንም የሆነች እናት ልጅ አለበት ትላለች።

«ባለፈው ሳምንት ኪዳን እንዴት እንዳስጨነቀኝ ታውቃለህ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ደወለልኝ። ‹ማሚ፣ አይ ዶንት ላይክ ኢት፣ አልወደድኩትም› አለኝ። የሚበርበት ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ደጋግሞ ይበራል አለ። ጊርቦክስ፣ የማርሹ ቤት ነው ያለኝ፤ ዘይቱ ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ተገኘ። እነሱ ጠረጉት፣ ምንም አይደለም ብለው አበረሩት፣ መብራቱ ደግሞ በራ። ‹የዕረፍት ሊቭ አለኝ፣ ልምምዱን ትቼ ልምጣ ወይ?› አለኝ።»

ከኋላቸው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ፊት ያለው ተንቀሳቅሶ ነበር። ፀሐዩ አላየም።

«ሂድ እንጂ፣ ተከፈተ» አለች። ነዳና «ምን አልሽው?» አላት።

«አባትህን ጠይቅ አልኩት። እሱ ያውቃል። ‹አንቺ ጠይቂው› አለኝ፤ ከአንተ ጋር ያለውን መቼም ታውቃለህ። እኔም ደግሞ ለአንተ መደወል ከበደኝ። ደሞስ ምን እንደምትለኝ አውቀው የለ? ‹አባትህ አይወድቅም ብሏል፣ አገሩ ላይ የተሠራ አይወድቅም። ሥራህን አትሽሽ፣ ሂድ› አልኩት። ልቡ መለስ አለ። ‹እሺ ማሚ› ብሎ ሄደ። ነገ ከነገ ወዲያ ይመለሳል።» ፈገግ አለች። «እስኪ አንተ ንገረኝ፣ ደህና አልነገርኩትም?»

የብረት ፍርፋሪ። ደብረ ዘይት ሃንጋር ውስጥ ከዘይቱ ማግኔት ላይ ያቺን ብልጭልጭ ብናኝ ሲያገኙ አለቃቸው ሳይቀር ድምፁ ይጠፋ ነበር። ጥርስ ጥርስን እየበላ ነው ማለት ነው። ከላይ የሚዞረውን ክንፍ የያዘው ማርሽ እየተበላ ነው። አንዴ ቢገኝ ይጠረጋል፤ ጠርገውት ደግሞ ከመጣ ግን የማንም አገር ሥሪት ይሁን፣ የጌታ ሥራ እንኳን ቢሆን፣ አይበርም። ኪዳን ደውሎለት ቢሆን፣ ወይ እሷ ደውላለት ቢሆን፣ ፀሐዩ የሚለው አንድ ቃል ነበር፤ አትሳፈር። ይሄን አሳምሮ ያውቃል። ልጁ ለመትረፍ የቀረው የአንድ ስልክ ጥሪ ነበር፣ ያንን ጥሪ ደግሞ ሦስቱም በኩራት አስቀሩት።

«ደህና ነው የነገርሽው» አላት።

«ተመስገን» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

አጸደ ራሷን በሻሽ አስራ አልጋ ላይ ጠበቀቻቸው። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ተዘግቷል፤ ሕመሟን ማንም አይጠራጠርም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ፀሐዩ እስኪሞት አይረሳውም። ትብለጥ እጅጌዋን ሰብስባ ሾርባ ሠራች፤ የአጸደን እግር በቅባት አሸች፤ «አይዞሽ፣ ያልፋል፣ ለማርያም ንገሪያት» እያለች አባበለቻት። ሐዘንተኛዋ የደህናዋን ሴት ዕንባ በነጠላዋ ጫፍ ታደርቃለች። አጸደ መቋቋም ሲያቅታት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፀሐዩ ወደ ክፍሉ ሄዶ ሲያስብ አደረ። የአይወድቅም ነገር አሁን ተራ ሆነችበት። ጋሽ መንገሻ ጠዋት መርዶውን ሲናገሩ ትብለጥ መጀመሪያ የምትጮኸውን ያውቀዋል። ልምጣ ሲለኝ ሂድ አልኩት ትላለች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንዴ ካለችው ደግሞ ሰባትና አርባ ቢወጣ፣ ተዝካር ቢበላ፣ ያ ቃል ከእሷ ላይ አይወርድም። የልጅ ሞት ይከብዳል፣ ግን ሰው ይሸከመዋል። በራሴ አፍ ላክሁት ማለትን ግን የእናት አንጀት አይሸከምም። ሰው ሳይመጣ መቅደም አለበት።

ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳ። ትብለጥ ተነስታ ነበር፤ የሻይ ውሃ ጥዳለች።

«ምነው በጠዋት? ደህና አድራለች እኮ» አለችው።

«ትብለጥ፣ ቁጭ በይ።»

ፊቱን አየችው። አልተቀመጠችም። «ኪዳን?» አለች።

«አዎ።»

«ቆስሎ ነው?»

«አይደለም።»

ጩኸቷ አልወጣም። አፏ ተከፍቶ ቀረና በመጨረሻ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔ ነኝ… ልምጣ ወይ ሲለኝ እኮ እኔ ነኝ…»

«አይደለሽም» አለና ሁለት ክንዷን ያዘ። «ስሚኝ። ካንቺ በኋላ ለእኔ ደወለ።»

«ለአንተ?»

«ለእኔ። ‹እናቴ ሂድ ብላኛለች፣ እኔ ግን አልሄድም፣ ሊቭ ወስጄ እመጣለሁ› አለኝ። ቃልሽን አልሰማም ነበር። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ፍርፋሪው ምንም አይደለም፣ እኛም አገር እናየው ነበር አልኩት። ተቆጥቼ ነው የላክሁት።»

«ሊመጣ ነበር?»

«ሊመጣ ነበር።»

ያን ጊዜ ጩኸቱ ወጣ። በቡጢ ደረቱን፣ ፊቱን መታችው፤ እጁን አላነሳም። «አንተ ገዳይ! የምታውቀው አንተ! እኔስ አላውቅም፣ አንተ የምታውቀው!» አጸደ ከአልጋዋ ዘላ ወጥታ ከኋላ አቀፈቻት። ትብለጥ ጤነኛ ሆና የቆመችውን ጓደኛዋን አየችና ማታ ሁሉ ምን እንደነበር ገባት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ውጣልኝ» አለችው። «ልቅሶዬ ላይ እንዳላይህ። ውጣ!»

ፀሐዩ በሩን ከፈተ። አንድ እግሩ ውጭ ሳለ ጠራችው።

«ፀሐዩ።» ዓይኗ ላይ የነበረው ቁጣ ለቅጽበት ሌላ ነገር ሆነ። ስለ ልጇ ያልሰማችው አንድ ነገር መኖሩ ገብቷት፣ ያንን ነው የፈለገችው። «ሲደውልልህ ምን ብሎ ጠራህ?»

ኪዳን የደወለለት ለመጨረሻ ጊዜ በፋሲካ ነበር፤ ያውም «ሃይ» ብሎ፣ እንኳን አደረሰህን በእንግሊዝኛ ብሎ ዘጋ። ከተለያዩ ወዲህ አባት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

«አባዬ አለኝ» አለ ፀሐዩ።

ትብለጥ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ተመስገን። ደውልለት እያልኩ ስለምነው ነበር እኮ። እንኳን ሳትታረቁ አልሄደብኝ።» ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። «ውጣ አልኩህ!»

ኮሪደሩ ላይ ሊፍቱ ተከፈተና ጋሽ መንገሻ በነጠላቸው ተጠቅልለው፣ ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ጩኸቱን ሲሰሙ ሽማግሌው ደነገጡ። «ነገርካት እንዴ? ሰው ሳይሰበሰብ?»

«ነገርኳት ጋሽ መንገሻ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጁን ሂድ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ይግቡ፣ እኔ አልገባም።»

ሽማግሌው አዩትና አልፈውት ገቡ። ሌሎቹም እጁን ሳይጨብጡ አለፉ። አንዲት ሴት ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «በገዛ አባቱ!» ስትል ሰማት። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ፀሐዩ ከበሩ ውጭ የኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ።

ከውስጥ ዋይታው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። የገባው ሰው ሁሉ ከትብለጥ ፊት ሲንበረከክ እሷ ለእያንዳንዱ እያለቀሰች ትነግረዋለች። «ገደለው። ሂድ ብሎ ላከው። ግን ተታርቀው ነበር እኮ፤ ደውሎለት ነበር፤ አባዬ ብሎት ነበር!»

ፀሐዩ ያኔ ነው ያለቀሰው።