ምርቃቱ ሳያልቅ

በእኛ አገር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ ማንም አይነሳም። ጎረቤት ቢጮህ እንኳ «አሜን» እያልክ ትጠብቃለህ። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው።

የዚያን ቀን ከእንጅባራ ወደ ጥርባ የሄድነው እኔና ኮንስታብል ባምላክ ነን። እኔ ሳጅን ማናለብሽ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ነኝ። የያዝነው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ የአቶ ደሴ ልጅ ቤዛዊት ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነውና እንዳትዳር፣ ፖሊስም ወስዶ ዳንግላ ላለችው አክስቷ እንዲያስረክባት።

ስንደርስ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። አቶ ደሴ እየሳቁ ተቀበሉን።

«ልጄ፣ ዛሬ የምድረው ትልቋን ነው፤ ሙሉነሽን። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ መታወቂያዋ ይኸው!»

እውነትም ሙሉነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከሙሽራው አጠገብ ተቀምጣለች።

«ቤዛዊትስ የት ናት?» አልኳቸው።

«ጓዳ ናት፣ ትመጣለች። መጀመሪያ እህል ቅመሱ እንጂ!»

የት አባታቸው! እኔን ሊያታልሉ? ትልቋን በአደባባይ እየዳሩ ትንሿን በዚያው ድግስ ሸጉጦ መዳር የለመድነው ዘዴ ነው። ጓዳውን ልፈትሽ ዞር ስል ያ ሆዳም ባምላክ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል።

«ሳጅን፣ እምቢ ካልን እኮ ነውር ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ልጮህበት አፌን ስከፍት ግን ትልቁ ሽማግሌ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

«የመንግሥት ልጆች፣ እግራችሁን እንቅፋት አይንካው!»

«አሜን!»

«ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ!»

«አሜን!»

እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ! ሽማግሌው ከእኛ አልፈው ለከብቱ፣ ለዝናቡ፣ ለመንገዱ፣ ለኔትወርኩ ሳይቀር መረቁ። ኧረ ይሄ ነገር ረዘመ! ዙሪያዬን ሳይ ሰው ሁሉ አሜን ይላል፤ ሙሽራይቱ ብቻ ዝም ብላለች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አፍጥጣ አየችኝና ዓይኗን ወደ ጓሮው በር ወረወረች።

ተነሳሁ።

«ተቀመጪ!» ብለው አቶ ደሴ ጮኹ።

«ወይ ጉድ! ምርቃት ረገጠች!» አለች አንዲት ሴት። ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ አጠፉ። ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ሮጥሁ።

ከጓሮው ቀርከሃ ኋላ የልጅቷ አጎት ቤዛዊትን ፈረስ ላይ አፈናጥጦ ሊወጣ ነው።

«ቁም! ፖሊስ ነኝ!»

ፈረሱን ኮለኮለው። ዘልዬ ልጓሙን ያዝሁ። ፈረሱ ጎተተኝ፤ በደረቴ ጭቃው ላይ ተንሸራተትሁ። ባምላክ ደርሶ አጎትየውን እስኪያወርደው ድረስ «እናቴ ትሙት አልለቅም!» እያልሁ ነበር። ቤዛዊት ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ይዣት ስመለስ የሙሽራው ወገኖች እየተሳደቡ ከግቢው ይወጣሉ። ለካ ውሉ ሁለቱን እህትማማቾች ለሁለት ወንድማማቾች ለመዳር ነበር፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋም ቀረች። ሙሉነሽ ዳሱ ውስጥ ብቻዋን ቆማለች።

«ሰርግሽን አፈረስሁብሽ፣ እህቴ» አልኳት።

ቤዛዊትን ከእጄ ተቀብላ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት።

«እኔንም በእሷ ዕድሜ ድረውኝ ነበር፤ ኋላ ሸሽቼ መጣሁ እንጂ» አለችኝ። «ያኔም ፖሊስ መጥቶ ነበር።»

«እና ምን አደረገ?»

«ተመርቆ ሄደ።»