የሀዋኒ መደገፊያ

ሮቤ ውስጥ ደህና የበረንዳ ብረት አይተህ «ማን ነው የሠራው?» ብትል፣ ብዙውን ጊዜ የሚነገርህ የኢታና ስም ነው። ጎባም ብትወጣ እንደዚያው ነው። ሰውየው በያጅ ነው፤ ያውም በሥራው ቀልድ የማያውቅ በያጅ። ቋሚዎቹን አርማታው ውስጥ ቆፍሮ ይቀብራቸዋል። የሕፃን ጭንቅላት እንዳያሳልፉ ያቀራርባቸዋል። ልጅ እንደ መሰላል እንዳይንጠላጠልበት መሀል ላይ አግዳሚ አያደርግም፤ የባሌ ዝናብ ገብቶ ከውስጥ እንዳያዝገው ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነውን የቱቦላሬ ብረት አፍ ሁሉ ይደፍናል። ሲጨርስ ባለቤቱ ፊት በሙሉ ክብደቱ ይደገፍበትና «እኔን ከቻለ ቤተሰብህን ይችላል» ይላል። ወፍራም ስለሆነ ሰው ይስቃል።

የገዛ ቤቱ በረንዳ ግን ባዶ ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? ታች የብየዳ ቤቱ፣ ላይ መኖሪያው፤ ፎቁን በስንት መከራ ካቆመ ዓመታት አልፈውታል። በረንዳው ጫፍ ላይ የነበረው ግን በሚስማር የተመታ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና ብቻ ነው። ሚስቱ ሀዋኒ ስታነሳበት «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የሰው ሥራ ይዞ ይመጣል።

«አባ ቢፍቱ፣ ሚስት ሆኜ ከምለምንህ ደንበኛ ሆኜ ብመጣ ይሻለኝ ነበር» ትለዋለች፣ በልጃቸው ስም እየጠራችው። ሀዋኒ ምላሷ አያርፍም። ገበያ መሀል ገብስና በሶ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ጨዋታዋን ለመስማት ብሎ የማያስፈልገውን በሶ ሰፍሮ የሚሄድ ሰው ነበር።

ስለ ደረጃው ደግሞ መነገር አለበት፣ አለዚያ ወሬው አይገባም። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ደረጃው የቤቱን ጎን ተጠግቶ ይወጣና መሀል ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል። ሁለት ሰው ከተገናኘበት አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ብፌው የገቡት በደረጃው አይደለም፤ በዚያው ባዶ በረንዳ በኩል በገመድ ተጎትተው ነው። እንዲህ ያለ ቤት በከተማው ሞልቷል። መጀመሪያ ይሠራል፣ ሐሳቡ በኋላ ይመጣል።

ከዚያ ሀዋኒን ጀርባዋን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ጆንያ ማንሳት ነው ተባለ። ቀጥሎ ብርድ ነው ተባለ። በመጨረሻ ሐኪሙ የአጥንቷን ፎቶ አየና ኢታናን ብቻውን ጠራው። ብቻ መጠራት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

በቀጠሮዋ ቀን ኢታና አዝሏት ይወርዳል። ቀጥ ባለው ደረጃ ላይ ምንም አትልም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን እሱ ለመዞር ሲጠማዘዝ እሷ ጥርሷን ትነክስና አንገቱ ሥር ታቃስታለች። ያ ማቃሰት ሥራ ላይ ሆኖ እንኳ ከጆሮው አይወጣለትም ነበር።

ከቤት መውጣት ሲያቅታት የቀራት ድምፅ ብቻ ሆነ። ባጃጁ ሲጮህ፣ ጋሪው ሲንቋቋ፣ ገበያተኛው እያወራ ሲያልፍ ትሰማለች። ማን እንደሆነ በድምፁ ትለያለች፤ ማየት ግን አትችልም። በረንዳው ጫፍ ድረስ ለመሄድ የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል፣ አጣናው ደግሞ ድመትም አይችል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳትቀልድ ተናገረችው።

«አባ ቢፍቱ፣ ቆሜ መንገዱን ልየው። የምደገፍበት ነገር ሥራልኝ።»

እንዲህ ዝቅ ብላ ለምናው አታውቅም። ኢታና አፈረ። የሰው ሥራ ሁሉ እንዳለ ጥሎ ወደ ሙህዲን ሄደ። ሙህዲን ከመንገዱ ማዶ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ጎረቤቱ ነው፤ አብረው ያደጉ፣ አንዱ ለአርፋ፣ አንዱ ለፋሲካ እየተጠራሩ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ኢታና ወፍራም ወፍራሙን ቱቦላሬ እየመረጠ ሲያወጣ ሙህዲን ቆሞ አየው።

«ያ ኢታና፣ አንዱን ጎን በብሎን አድርገው እንጂ። አልጋችሁ በዚያ አይደል የወጣው? ዕቃ ስታወርድ ፈተህ ታነሳዋለህ።»

«ምን የማወርደው ዕቃ አለኝ?»

ሙህዲን ሊመልስ አፉን ከፈተና የኢታናን ፊት አየ። በዚያ በረንዳ የሚወርደው ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገባቸው።

«አስተግፊሩላህ» አለ ሙህዲን ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ ስለ ቁም ሳጥኑ ነው።»

ኢታና ብረቱን ተሸክሞ ሳይሰናበተው ሄደ። የዚያን ቀን ሙህዲንን ጠልቶት ነበር። ሰው እውነት የነገረውን ወዳጁን እንዲህ ለአንድ ቀን ሊጠላ ይችላል።

ሥራው ሲጀመር ሀዋኒ ፍራሿን በሩ ጋ አስነጠፈች። እሱ ሲቆፍር፣ ቋሚ ሲያቆም፣ በውሃ ልክ ሲያስተካክል ጋደም ብላ ታያለች። «ለኔ ሲሆን ነው ሦስቴ የምትለካው ወይስ ለሁሉም?» እያለች ትነካካዋለች። እሱም ይስቃል። ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። የመጨረሻውን፣ በመንገዱ በኩል ያለውን ሰፊውን ጎን ለመበየድ ሲዘጋጅ ግን ጠራችው።

«ይኸኛውን አትበይደው። በብሎን አድርገው።»

«ለምን ሲባል?»

«ታውቃለህ።»

ያውቃል። ከሙህዲን ሱቅ ጀምሮ ከሐሳቡ አልወጣም። ግን ከእሷ አፍ ይወጣል ብሎ አልጠበቀም።

«ያ ቁም ሳጥን እንደሆነ ምስጥ ካልበላው በቀር የትም አይሄድም» አለና ሳቀ።

ሀዋኒ አልሳቀችም። «አባ ቢፍቱ፣ ደረጃውን እኮ አንተም…»

«ብየዳውን አትዪ፣ ዓይንሽን ይጎዳሻል» ብሎ መነጽሩን አወረደና ጀርባውን ሰጣት።

በየደው። አንድ ጊዜ የሚበቃውን መጋጠሚያ ደግሞ ደጋግሞ በየደው። ያን ጎን የሚፈታ አድርጎ መተው፣ ለእሱ ሚስቱን በገዛ እጁ እንደ መሸኘት ነበር። ሞትን በኤሌክትሮድ ሊዘጋበት አሰበ እንበል? ሞኝነት ነው። ግን ይወዳት ነበር፣ የሚወድ ሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ሞኝ ይሆናል። ሲጨርስ ዞር ብሎ አያት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ ብሎን አላነሳችም፤ እሱም አልጠየቃት።

ቅቡ ሲደርቅ ብብቷን ይዞ አወጣት። ሁለት እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ቆመች። ጊዜው የአጨዳ ነበር፤ ስንዴ የጫነ መኪና መንገዱን ሞልቶታል፣ ኮምባይነሩ ትራፊኩን አስቁሞ እንደ ጌታ ያልፋል። ሀዋኒ የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ትጠራዋለች። ሰው ቀና ብሎ ሲያያት ይደነግጣል፤ ሞታለች ተብሎ የተወራለትም ነበር።

«ሀዋኒ፣ አካም ጂርታ?» ብለው ደህንነቷን ይጠይቋታል።

«ይኸው ቆሜያለሁ። በያጅ ያገባ አይወድቅም» ትላለች።

ዲንሾ የምታስተምረው ልጃቸው ቢፍቱ ሳምንቱ ሲያልቅ ትመጣና ከእናቷ ጎን ትቆማለች። ሁለቱ የሰውን አለባበስ እያዩ ሲያሙ ኢታና ታች ሆኖ ይሰማቸዋል። ቀና ሲል የሀዋኒ ጣቶች ብረቱን እንደያዙ ያያል። ደስ ይለው ነበር። እነዚያን ቀኖች ማንም አይወስድበትም።

ከጥምቀት በኋላ መቆሙ ቀረ። አንድ ጠዋት ኢታና አጥሚት ይዞ ሲገባ ሀዋኒ በተኛችበት አርፋለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እድሩ ድንኳኑን መንገዱ ዳር ተከለ፣ የሬሳ ሳጥኑ መጣ፣ ቄሱ መጡ። ጎረምሶች ሳጥኑን ይዘው ደረጃውን ወጡና መታጠፊያው ላይ ቆሙ። በጎን ሞከሩ፤ አልሆነም። በቁሙ ሞከሩ፤ ጣሪያው ያዘው። ይዘውት ተመለሱ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ አስተዋይ ሽማግሌ ናቸው። ኢታናን ለብቻ ጠሩት።

«ልጄ፣ በጋቢ አድርገን እናውርዳትና ታች ሳጥኑ ውስጥ ትግባ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚወርደው። ነውር የለበትም።»

«መታጠፊያው ላይ ሊያጥፏት ነው» አለ ኢታና።

«ትንሽ ጎንበስ ማለቷ አይቀርም። ከእንግዲህ ግን አያማትም።»

«እኔን ያመኛል፣ አቶ ተሰማ። እዚያ ቦታ ላይ ድጋሚ አትታጠፍም።»

ኢታና ወርዶ መቁረጫውን ሰካ። መብራት የለም፤ ከማለዳ ጀምሮ ጠፍቷል። የእጅ መጋዙን አነሳና ወጣ። ሙህዲን ነገሩን ከማዶ ሆኖ ሲያይ ሱቁን ከፍቶ አዲስ የመጋዝ ምላጭ በእሽጉ ይዞ መጣ።

ኢታና ከግድግዳው ጋር የተገናኘውን መጋጠሚያ መቁረጥ ጀመረ። ያን ደጋግሞ የበየደውን። መጋዙ ይንሸራተታል፤ ምላጩ ይሰበራል፤ ሌላ ይገባል፤ እሱም ይሰበራል። እጁን ያወቀው ሰው ሁሉ ያደነቀው ብረት ዛሬ ለሠሪው አልታዘዝ አለ። ታች የነበሩት አልቃሾች መጀመሪያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር። በኋላ አንድ በአንድ ዝም አሉና የሚሰማው መጋዙ ብቻ ሆነ። ሬሳ ማስጠበቅ ጥሩ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድም ሰው አልተናገረውም።

«አምጣው» አለ ሙህዲን።

«ተወኝ።»

«እጅህ እየደማ ነው፣ አምጣው።»

ሙህዲን ሲቆርጥ ኢታና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። እንባው የመጣው ያኔ ነው። ሀዋኒ ብሎን ያለችው ለራሷ አልነበረም። ራሷ ምን ቸገራት፣ እሷማ ተኝታለች። ይህን ቀን አይታዋለች። ባሏ ሰው ሁሉ እያየው የገዛ ሥራውን ሲገዘግዝ አይታዋለች፣ ከዚያ ልታተርፈው ነበር የፈለገችው። «ነግራኝ ነበር» አለ። «ሙህዲን፣ ነግራኝ ነበር እኮ።» ሙህዲን መቁረጡን ሳያቆም «አውቃለሁ» አለ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ጎኑ ተለቀቀ። በገመድ አወረዱት። በዚያው ገመድ ሳጥኑን ወደ ላይ ሳቡ፣ ሀዋኒን አስገብተውም ሳያጋድሉ ቀስ ብለው አወረዱት። ሀዋኒ ተኝታ፣ ሳትታጠፍ ወረደች። ቀብሩ ሲያልቅ መሽቶ ነበር።

እስከ አርባዋ ድረስ በረንዳው በገመድ ብቻ ታጥሮ ቆየ። ሰው ሲመክረው «ይደርሳል» ይላል። ከአርባዋ በኋላ የተቆረጠውን ጎን ከግድግዳ ላይ አነሳ፣ የተጋዘውን አፉን በሞረድ አለሰለሰ፣ የብሎን ማስገቢያ ጆሮ በየደለት፣ በሳው። ወደ ላይ አውጥቶ በአራት ወፍራም ብሎን አሰረው። ከዚያም እንደ ልማዱ በሙሉ ክብደቱ ተደገፈበት። አልተነቃነቀም። ቢፍቱ ከዲንሾ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«አባዬ፣ እንደ ድሮው አይበይዱትም እንዴ?»

«እንዲህ ይሻላል። ይፈታል ብለሽ አትፍሪ፣ በደንብ ይጠብቃል። የብሎኑ መፍቻ ቁልፍ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። ከበሩ ኋላ ሰቅዬዋለሁ፣ ነይ ላሳይሽ። ምናልባት እኔ…»

«ብርዱ በረታ» አለች ቢፍቱ ቶሎ ብላ። «ጋቢዎን ላምጣልዎት።»

ወደ ውስጥ ገባች። ጋቢው ትከሻው ላይ ነበር።

ኢታና አልጠራትም። ልጅቷ ጓዳ ገብታ የማትፈልገውን ነገር ስታነሳና ስትጥል ሰማት። ምን እያደረገች እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አላዘነባትም። ያዘነው ለሀዋኒ ነው። እሱ መነጽሩን አውርዶ ጀርባውን ሲሰጣት ከሞቷ ጋር ብቻዋን ቀርታ ነበር፤ ያን ዛሬ ገና አወቀው፣ ይቅር በይኝ የሚላት ግን አጠገቡ አልነበረችም።